ባሕር ያልተሻገረው መርዶ

አባባዬ፣

ያላንተ ሁለት ረመዳን ጾምን። አሁን የሰኞ ገበያ ሰው ለአረፋ በግ እያማረጠ ነው። አንተ ብትኖር የበጉን ጥርስ ከፍተህ፣ ጀርባውን ዳብሰህ፣ ብዙ ተመራምረህ፣ በመጨረሻ ከሲታውን ይዘህ ትመጣና እማዬ ሳምንት ሙሉ ትነዘንዝህ ነበር። ዘንድሮ የመረጡልን ታናሽ ወንድምህ አያ እንድሪስ ናቸው። በጉ የሰባ ነው። የሚነዘነዝበት ሰው ስለሌለ ግን ቤቱ ጭር ብሏል።

ቤታችን ደህና ነው፣ ካወቅከው። ቀበሌው ለአብዮት በዓል ብሎ የመንገዱን አጥር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም አስቀብቶታልና «ይሄ ደግሞ የማን ቤት ነው?» ብለህ ታልፈው ነበር። የሚያፈሰውን የሳሎኑን ጣሪያ የቀብር ዕድራችን የቅሬው ሰዎች ደፈኑልን፤ አሁን የሚያፈሰው ጓዳው ነው። እማዬ አልጋዋን ወደ እኔ ክፍል አምጥታለች። «አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነው» ትላለች። እኔም የፈራሁ እመስልላታለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ ምላሴ ግን አላጠረም። ቤተሰቡ ሁሉ አንቱ ሲልህ እኔ ብቻዬን አንተ ስልህ ዘመድ ይቆጣ አልነበር? «የመጨረሻ ልጅ ናት፣ ይደርሳታል» እያልክ ታድነኝ ነበር። አሁንም የምጽፍልህ በዚያው ፈቃድ ነው።

የመጣሁበት ጉዳይ የሐዋ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ግማሹን ታውቀዋለህ፣ ግማሹን ግን ከአንተ በኋላ ያደረግነው ነው።

በወጣትነትህ ጅቡቲ ወደብ ዕቃ ስትጭንና ስታወርድ ከርመህ ስትመለስ፣ ሰዉ ጨርቅ ወይም ራዲዮ ያመጣል ብሎ ሲጠብቅህ ይዘህ የመጣኸው ፈረንሳይኛ ብቻ ነበር አሉ። ከዚያ የአሰብ መንገድ ሹፌር ሆንክ፣ ልጆች ወለድክ፣ ቋንቋውንም እንደ ከረሜላ ለታላቅ እህቴ፣ ቀጥሎም ለእኔ አካፈልከን። ሦስታችን በፈረንሳይኛ ስንንሾካሾክ እማዬ «ሦስት ሰይጣን ባንድ ቤት» ትል ነበር። ሐዋ ከአንተ አፍ የጀመረችውን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቀጠለችው፤ ከዚያም ነጻ ትምህርት አግኝታ በፈረንሳይኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትሠራ ወደዚያው ወደ ፈረንሳይ ሄደች። የመውጫ ቪዛዋን ለማግኘት ያቺን አንድ ኮትህን ለብሰህ አዲስ አበባ ውስጥ ያልቆምክበት በር አልነበረም። ስትሸኛት ምን እንዳልካት አስታውሳለሁ። «እኔ ወደ ቋንቋው በወደብ በኩል ነው የገባሁት። አንቺ በደጁ ግቢ» አልካት።

እጅህ መሪ እንጂ እስክሪብቶ አይወድም ነበርና የምንላላከው በካሴት ነበር። አንደኛውን ገጽ አንተ ትሞላዋለህ፣ የቀረውን እኔና እማዬ እንሻማበታለን። የእሷ የመጀመሪያ ካሴት የመጣ ዕለት የሆነውን አትረሳውም መቼም። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ መንገድ ዘግቶባት፣ አንተ «እባክህ አሳልፈኝ ማለት ነው» ብለህ ያስተማርካትን ቃል ብትናገር ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠባት። ለካ የወደብ ተሸካሚዎች ስድብ ኖሯል። አስተማሪዋ ግን ሳቁ አሉ፤ «ይህን ቃል ከአያቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም» አሏት። አንተ ሆድህን ይዘህ ሳቅክና ወደ ቴፑ ዞረህ «ከጅቡቲ ያመጣሁት ዕቃ ዋስትና የለውም በያቸው» አልካት፣ እዚያ የተቀመጠች ይመስል።

ከዚያ ታመምክ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰድንህ። ከቦሩ ሜዳ አመጣንህ።

ስለዚያ ሳምንት አልጽፍልህም። የማወራህ ከቀብርህ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ውስጥ ስለተቀመጡት ሸንጎ ነው። የቅሬያችን ዳኛ ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ጉሮሮ ሲጠርጉ አገር እንደሚፈርድ ታውቃለህ።

«መርዶ ባሕር አይሻገርም» አሉ። «መርዶ ሰው ይዞ ነው የሚነገር። እዚያ ማን ይይዛታል? ወገቧን ማን ያስራታል? ፊቷን ማን ያጥባታል? ፈረንጅ እንደሁ ሬሳውን ቆልፎ ሥራው የሚገባ ነው።»

«ትመለስና እዚሁ ትስማ እንጂ» አለ አንድ ጎረቤት።

«ከተመለሰች ሁለተኛ ማን ያስወጣታል?» አሉ አያ እንድሪስ። «ያችን ቪዛ ወንድሜ እንዴት አድርጎ እንዳገኛት አይታችኋል። ትምህርቷ መሐል ላይ ሊቀር ነው። ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተው ለዚህ ነው?»

ሁሉም ወደ እማዬ ዞሩ። ነጠላዋን በአፏ ይዛ በአንገቷ እሺ አለች። ተወሰነ። ሐዋ ዲግሪዋን ጨርሳ አገሯ እስክትገባ ድረስ አንተ አልሞትክም።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ታውቀኛለህ። «ካሴቱስ?» አልኩ። «የአባባ ድምፅ ከቀረባት በወሩ ትነቃለች።»

 ቀስ በቀስ ዓይን ሁሉ አያ እንድሪስ ላይ አረፈ። ከበር ውጭ ሲጣሩ ማን መጣ፣ አንተ ነህ ወይስ እሳቸው፣ እያልን እንከራከር የለ? «አስተግፊሩላህ» አሉ ምስኪኑ፤ ሼህ ሙሄ ግን ዱዓ አድርገው ዘጉት።

እንግዲህ አሠልጣኟ እኔ ሆንኩ። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን እንኳ እንደዚያ አልተለማመደም። አያ እንድሪስ ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተው ቴፑ ፊት ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ቁልፉን ስጫን ዓይናቸውን ጨፍነው «ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም፤ እኔ አባትሽ አህመድ ነኝ» ብለው ጀመሩ።

አቆምኩት። «አያ፣ ለልጁ ስሙን የሚናገር አባት አይተው ያውቃሉ?»

«ታዲያ ማን መሆኔን በምን ታውቃለች?»

«ማን መሆንዎን እንዳታውቅ ነው እኮ የተቀመጥነው።»

እንደገና ጀመሩ። የሐዋን ጤና ጠየቁ፣ የመምህራኖቿን ጤና ጠየቁ፣ የፈረንሳይን ዝናብ፣ የፈረንሳይን ከብት ጠየቁ፤ የካሴቱ ግማሽ አለቀ። አባባ እንደዚህ አይልም ብላቸው «ሰላምታ አይቆረጥም፣ ነውር ነው» ብለው ተቆጡኝ። ቀጥለው ደግሞ የዘንድሮ ሙቀት አላስተኛኝም አሉ። ኮምቦልቻ ነዋ የሚያድሩት። ደሴ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ የምትደርበው አንተ፣ በሙቀት እንቅልፍ አጣህ ቢባል ሐዋ ምን ትል ይሆን?

እየዋለ እያደረ ግን ተማሩ። ቀልድህን ሳትጨርሰው እንደምትስቅ አሳየኋቸው። ወሬ ስትቀይር «ተይው እሱን» እንደምትል ነገርኳቸው። ሳልህንም አስተማርኳቸው፤ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም፣ ከዚያ «ያረቢ»። ሦስተኛው ካሴት ላይ ሁሉንም በትክክል ሲያደርጉት እማዬ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወጣች። እኔ «ጎሽ አያ» አልኳቸው። አላለቀስኩም። አሠልጣኝ አያለቅስም፤ ካለቀሰ ካሴቱ ይበላሻል።

ሐዋ ትመልስ ነበር። «አባባ፣ ድምፅዎ ጎርነን ብሏል፣ ብርድ መታዎት?» አለች አንድ ጊዜ። ሼህ ሙሄ ካሴት በመጣ ቁጥር ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ይቀመጣሉ፤ ሰምተው ሲጨርሱም «አልነቃችም» ብለው ይፈርዳሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ፍርድ በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። አንተ ገና በሆነ አገር ያለህ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ካሴት መጣ።

እንደ ልማዱ ሳሎኑ ሞላ። በመጀመሪያው ገጽ ሐዋ ለአንተ አወራችልህ። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ነው፤ የጻፈችውም በፈረንሳይ ልቦለዶች ውስጥ ስላሉ የወደብ ሰዎች ነው። «ከእርስዎ የሰማኋቸው ቃላት መዝገበ ቃላት ውስጥ የሉም፤ መምህሮቼ ከየት አመጣሽው ሲሉኝ ከቤቴ እላለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ ማሻአላህ አሉ። በመጨረሻ «በሌላው ገጽ ደግሞ አባባ ደስ እንዲልዎት በፈረንሳይኛ እናገራለሁ» አለችና ካሴቱን ገለበጥኩት።

ቀስ ብላ ነበር የምታወራው፣ ለሕፃን እንደሚወራ፣ እኔ በማውቃቸው ቃላት ብቻ። «ሉባባ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምትሰሚኝ። ፊትሽን አትለውጪ። አባባ እንደሞቱ አውቃለሁ።»

ሼህ ሙሄ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እንዴት ያለ ንግግር ነው፣ ውሃ» አሉ።

ፊቴን አልለወጥኩም፤ ሐዋም ቀጠለች። ድምፁ ሲቀየር የታመምክ መስሏት ነበር። ያወቀችው በእኔ ነው። «አንቺ ድሮ አባባ ይሙት ሳትዪ አንድ ወሬ አትጨርሺም ነበር። በቀን ስንቴ ነው የምትቀብሪኝ ይሉሽ ነበር። በተከታታይ ሦስት ካሴት ላይ ግን አንድ ቀን አልማልሽም። በሞተ ሰው ይሙት ተብሎ አይማል። ያን ቀን ክፍሌን ቆለፍኩ፤ ወገቤን በሻርፕ አሰርኩት። ሲጨንቀኝ ለጎረቤቴ ልነግራት ወጣሁና ቃሉን በፈረንሳይኛ ሳወጣው የሌላ ሰው አባት ሆነብኝ። ተመልሼ ገባሁ።»

እዚህ ላይ አፍንጫዋ ተዘጋ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ መጣ። አንዱ ሽማግሌ «ምን ሆነች?» ቢሉ ሼህ ሙሄ ወዲያው መለሱላቸው። «ፈረንሳይኛ በአፍንጫ ነው የሚነገር። ያልተማረ አያውቀውም።»

ሁሉም ተስማሙ። ጎረቤቶቹ አፍንጫዋን አደነቁ። አባባዬ፣ እህቴ ብቻዋን ስታለቅስብህ ሳሎን ሙሉ ሰው ተደስቶ ያዳምጣት ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር ፈገግ ብዬ ነበር።

«ምን ትላለች?» አሉኝ አያ እንድሪስ።

«የምታጠናውን መጽሐፍ ነው የምትነግረን» አልኩ። «ስለ አንዲት ልጅ ነው። አባቷ መንገድ ሄዶባት።»

«ይመለሳል?»

«ገና አልጨረሰችውም።»

ሐዋ ወደ መጨረሻው ደረሰች። «ማወቄን አትንገሪያቸው። ስመጣ በወጉ ይንገሩኝ። ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ይጥረጉ። ሴቶቹ ይያዙኝ። ይህን ትምህርት የምጨርሰው ለዲግሪው ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የሚይዘኝ ሰው ያለበት አገር በወጉ ልግባ ብዬ ነው።» ገና የምትለው ነበራት። እማዬ ግን ተነስታ ሄደችና ቴፑን በገዛ እጇ አጠፋችው። ከዚያን ቀን በፊት ያን ቴፕ ነክታው አታውቅም። «ይበቃል፣ ደክሟታል» አለች። ምን እንደገባት እስከዛሬ አልጠየቅኳትም።

ሐዋ ተመረቀች። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የሮጥኩት በር ላይ ያለው ኮትህ ዘንድ ነው፤ የምነግረው ሌላ የአንተ ነገር አጣሁ። መምጣቷ ሲታወቅ ሽማግሌዎቹ ጦር እንደሚያሰልፍ ሰው መከሩ። ደሴ እግሯ ከረገጠ ለቅሶ ደራሽ ቀድሞ ስለሚያገኛት ኮምቦልቻ ትውረድ፣ አያ እንድሪስ ቤት ትደር፣ መርዶው ሲነጋጋ ይነገራት ተባለ። አያ እንድሪስ እስከ ሐርቡ ወርደው አውቶቡሷን ጠበቁ። እንደተሳፈሩ «መጣሽ ልጄ?» አሏት ከኋላዋ። አሠልጥኛቸው ስለኖርኩ ያንተን ድምፅ መተው እምቢ ብሏቸዋል። ሐዋ መጀመሪያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች አሉ። ከዚያ ዞራ «አያ፣ አባባ ለምን አልመጡም?» ብላ ጠየቀቻቸው፣ በወጉ።

«ጉንፋን ይዞት» አሉ።

ማታ እራት በልታ ተኛች። እኔና እሷ አንድ ፍራሽ ላይ ነበርን፤ እጄን እንደያዘች አነጋች።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰዉ ገባ፤ ሴቶቹ በግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሐዋ፣ አላህ የሰጠውን ይወስዳል» ብለው ስምህን ጠሩ። ሐዋ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀች ልጅ ናት፤ ታስመስላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አላስመሰለችም። ገና አሁን የሰማች ያህል ደረቷን መታች። ከእሷ ይወጣል ብዬ ያላሰብኩት ድምፅ ወጣ፤ ሴቶቹ አፈፍ አድርገው ያዟት፣ ነጠላ ወገቧ ላይ ጠበቀ፣ ፊቷ ታጠበ። «አልቅሺ የኔ ልጅ፣ ይውጣልሽ፣ አብሽሪ» ይሏታል። እማዬ እግሯን ይዛታለች። እኔ ግን ማን ምን ረሳ፣ ማን ምን አጎደለ እያልኩ ዳር ቆሜ እቃኝ ነበር። ያን ጊዜም አላለቀስኩም።

ቀትር ላይ ሼህ ሙሄ ሻያቸውን ይዘው ደረታቸውን ነፉ። «ሚስጥር ባሕር ማዶ ድረስ የጠበቀ ቅሬ ከእኛ ሌላ አለ?» አሉ። ሐዋ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና «የለም፣ አላህ ይስጥልኝ» አለቻቸው። ዕድሜ ይስጣቸው እንጂ ይህን ሳያውቁ ነው የሚሞቱ። ሳቄን ለመዋጥ ጓሮ ወጣሁ።

ደሴ ገባን። ሶደቃህ እንደገና ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ እየበሉ አመሰገኑህ። በእነሱ አንደበት አንተ ተቆጥተህ የማታውቅ፣ ዕቃ የተወደደብህ ጊዜ እንኳ የምትስቅ፣ ግማሽ መልአክ ነህ። እኔና ሐዋ ተያየን።

ከትናንት ወዲያ ሐዋ ሻንጣዋን ስትፈታ የላክንላትን ካሴቶች ሁሉ አወጣች። ብዙዎቹ የአያ እንድሪስ ናቸው። አንዱ የራስህ ነው፤ ሳትታመም በፊት የላክላት። እማዬ ልብስ እያጠፈች ነበር። «ክፈቺው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ከፈትኩት። አንድ ሰው ወሬ ጀመረ፤ ማን እንደሆነ አላወቅኩትም። ድምፁ ቀጭን ነው። ይቸኩላል። ቃል በቃል ላይ ይደርባል። ከአያ እንድሪስ ጋር ለምን እንደምናመሳስላችሁ እንኳ አልገባኝም። ሳልህን ጠበቅኩ፤ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። ገጹ ሊያልቅ ሆነ፣ አልመጣም።

አትስልም ነበር አባባ። ሳሉ የመጨረሻዎቹ ወራት ነው። እኔ ለአያ እንድሪስ ያስተማርኩት የታመመውን አንተን ነበር፤ ሳስተምር ሳስተምር ጤነኛውን ረስቼዋለሁ። ይህን ሳውቅ ከወንበሩ ወረድኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ሐዋ ከኋላ ያዘችኝ፣ እማዬ ያጠፈችውን ነጠላ ዘርግታ ወገቤን አሰረችው፣ ፊቴንም አጠበችኝ። ጉሮሮ የጠረገልኝ ሽማግሌ አልነበረም። ግን በወጉ ተነገረኝ፣ እንደ ሐዋ።

የሽማግሌዎቹን መልአክ ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ። ሳሉንም ለአያ እንድሪስ ትቼላቸዋለሁ። የእኔ ያ በቀጭን ድምፅ እየቸኮለ የሚያወራው፣ የማይስለው ሰው ነው። እሱን አልረሳውም፣ አባባዬ። የምረሳው ከመሰለኝ ደግሞ ሐዋ እንድትይዘኝ እነግራታለሁ።

ያቺው አንተ የምትልህ፣
ሉባባ